ለትንፋሽ ተቀመጡ

ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት ታዝዤ ነው። የሥልጠናው መመሪያ ገጽ አራት ላይ «አሠልጣኙ ራሱ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይለማመድ፤ የገጠመውንም ይጻፍ» ይላል። እኔ ሲስተር ፀደንያ፣ ነርስ፣ በአርባ ዓመቴ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የትንሿ ወንጌላዊት እናት፣ የምናለ ግማሽ ሚስት (ባሌ አይከል ከተማ ነው የሚያስተምረው፤ መንገዱ ከፈቀደ ቅዳሜ ይመጣል) ይኸው ታዝዣለሁ። የትእዛዙን ግማሽ ማለቴ ነው፤ መጻፉን።

ሰኞ እንጀምራለን። ደም ግፊት ያለባቸው አርባ ስምንት ሰዎች ናቸው። ሃያ አራቱ ለስምንት ሳምንት ልብ የመሰብሰብ ልምምድ ይማራሉ። ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መከተል፣ ሐሳብ ሲሄድ ሳይቆጡ ቀስ ብሎ መመለስ፤ ሌላ ነገር የለውም። የቀሩት ሃያ አራት ኪኒናቸውን እየዋጡ ይጠብቃሉ፤ ተራቸው ሐምሌ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የሁለቱን ወገን ግፊት እናስተያያለን። የተማሩት ካልተማሩት በደንብ ዝቅ ካሉ ልምምዱ ጠቅሟል ማለት ነው። በሌላ አገር ጠቅሟል የሚሉ ጥናቶች አንብቤአለሁ። እዚህ ጎንደር የኛን ሰው ይጠቅመዋል ወይ የሚለውን ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

የካቲት ላይ ልጀምር ብዬ ነበር። አማካሪዬ ዶክተር ህሩይ «በሁዳዴ የወረደ ግፊት የማን ሊባል ነው? የአንቺ ወይስ የጾሙ?» አለኝ። ፋሲካ እስኪያልፍ፣ ከዚያ ደግሞ ቅቤው ከሰዉ ሆድ እስኪወርድ ጠበቅን።

ይህን ርእስ ለምን መረጥሽ ሲሉኝ ከአንድ መጽሔት አገኘሁት እላለሁ። አባቴ አስተማሪ ነበር። በአርባ ስድስት ዓመቱ፣ ጠመኔውን እንደያዘ፣ ሰሌዳው ሥር ወደቀ። ግፊቱን አንድም ቀን ተለክቶ አያውቅም ነበር።

ልምምድ፦ ከሰኞ ጀምሮ።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ዕጣ አወጣን። አርባ ስምንት ጥቅል ወረቀት ሳህን ላይ አድርገን እያንዳንዱ በገዛ እጁ አነሣ።

የኔታ ዕንባቆም ቀሐ በኩል ካለ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ የስልሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ወረቀታቸውን ገልጠው «ሠልጣኝ» የሚለውን ሲያነቡ «ዕጣውም ለማትያስ ወደቀ» አሉና መስቀላቸውን ተሳለሙ። እትዬ እንኳየሁ ግን «ተጠባባቂ» ደረሳቸው። ከጃናሞራ መጥተው ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የራቃቸው ሴት ናቸው። «ምነው እኔን ለይታችሁ ታስቀሩኛላችሁ? እኔስ የሚሰበሰብ ልብ የለኝም?» አሉኝ። ተራዎ ይደርሳል አልኳቸው። «ሸጋ። መጠበቅስ ለምጃለሁ» አሉ።

ለሠልጣኞቹ አስጠነቀቅሁ። ስምንቱ ሳምንት እስኪያልቅ ለማንም፣ ለጎረቤትም ለዘመድም እንዳታስተምሩ፣ ጥናቱ ይበላሻል አልኩ። ሁሉም እሺ አሉ። የኔታ ብቻ እሺም እንቢም ሳይሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «እንግዲህ ለትንፋሽ ተቀመጡ» ከማለቴ የኔታ «ዲያቆን ለጸሎት ተንሥኡ ይላል፤ አንቺ ደግሞ ለትንፋሽ ተቀመጡ ትያለሽ» አሉ። አንዲት ሴትዮ ይህ ነገር የሌላ ሃይማኖት እንዳይሆን ብለው ሰጉ። መመሪያውን ሳገላብጥ እሳቸው ቀደሙኝ። «ትንፋሽ የማን ሃይማኖት ነው? አዳም ላይ እፍ ያለው እሱ አይደለም እንዴ?» ሴትዮዋ ተረጋግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሦስተኛው ደቂቃ የኔታ አንኮራፉ። ስቀሰቅሳቸው አላፈሩም። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ቆሜ ያደርኩ ሰው ነኝ። ተቀምጦ ዝም ማለት ለእኔ መኝታ ነው» አሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቁሙ አልኩ። መመሪያው ስለ መቋሚያ የሚለው ነገር የለም። ቆመው ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልተነቃነቁም።

ልምምድ፦ ማጅራቴን ስለያዘኝ አልሆነም። ትራሱ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 30

ባጃጅ ውስጥ ነው የምጽፈው። ዘግይቻለሁ። ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም፣ መጠይቁ አልተባዛም። ሠልጣኞቹን «አትቸኩሉ» ልላቸው እየሮጥኩ ነው።

አዲስ ትራስ ገዛሁ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ወንጌላዊት ከትምህርት ቤት ወጥታ ሆስፒታል መጣች፤ የሚጠብቃት ስላልነበረ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ትሰማለች። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «እማዬ፣ ለነሱ የምታወሪበት ድምፅ ቤትም አለ?» አለችኝ።

አለ አልኳት።

ቤት እንደደረስን ጭቃ በጫማዋ ይዛ ስትገባ ጮኽኩባት። ጫማዋን አውልቃ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ምነው ብትመልስልኝ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

የሁለተኛው ዙር ልኬት። ሠልጣኞቹ መውረድ ጀምረዋል። ገና ነው፣ አልደሰትም። ትንሽ ተደስቻለሁ።

የኔታ ክንዳቸውን ከመለኪያው ሲያወጡ «አንቺስ ስንት ነሽ?» አሉኝ። ሥራ በዝቶብኛል፣ በኋላ እለካለሁ አልኩ። «መለኪያው የአንቺን ክንድ ይጠላል እንዴ?» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጆሮዬ ጭው ይላል። ጄኔሬተሩ ክፍላችን አጠገብ ነው፤ ያደነቆረኝ እሱ ነው።

ልምምድ፦ ከልኬቱ በኋላ በእርጋታ እጀምራለሁ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

የክትትል ክፍሉ አግዳሚ ላይ እትዬ እንኳየሁ ከአንዲት ሌላ ተጠባባቂ ጋር ሲያወጉ በአጠገባቸው አለፍኩ። «ሐሳቡ ሲሄድ አትቆጪው። ጥጃ እንደሚመለስ ቀስ አድርገሽ መልሺው» ይላሉ። የጃናሞራ ሰው አነጋገር እንዴት ሸጋ ነው! ስለ ልጃቸው የሚያወሩ መሰለኝ። ቆሜ ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ካርድ ክፍል ጠሩኝ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

የአይከል መንገድ ተዘግቷል። የምናለ ስልክ ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ፤ አንዱ ሾፌር ደህና ነው ይላል፣ ሌላው እግዜር ያውቃል ይላል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ግማሽ ኩንታል ድንች ገዝቼልሻለሁ፣ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ድንቹን ምን ላድርገው! እሱ ይምጣልኝ።

ወንጌላዊት አባዬ የት ነው አለች። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። በዚህ ቤት ሥራ የማይሸፍነው ነገር የለም።

ትናንት ለሠልጣኞቹ ምን አልኳቸው? «መቆጣጠር የማንችለውን እንዳለ እንየው።» ሃያ አራት ሰው አምኖኝ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በዚያች ሰዓት ጠረጴዛው ሥር ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። የኔታ ቆመው ስለሚለማመዱ ሳያዩኝ አልቀሩም።

ግንቦት 27

ደወለ! «ደህና ነኝ፤ ድንቹም ደህና ነው» አለኝ። ሳቅሁ፣ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ራሴን እንደ መዶሻ ይመታኛል። መነጽሬን ልቀይር ይሆናል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ስለ ልምምዱ ተናገሩ ስላቸው አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር «ሚስቴ የት ሄደህ ተለወጥክ እያለች ትጠረጥረኛለች» አሉ። የኔታ ተማሪ ዜማ ሲስት በፊት መቋሚያ ያነሡ ነበር፤ አሁን አንድ ትንፋሽ ስበው ነው የሚያርሙት። «ተማሪዎቹ ታመዋል ብለው ፈሩልኝ» አሉን።

ልምምድ፦ ሰኞ ልኬቱ ካለቀ በኋላ። የምር።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ወረደ! የሠልጣኞቹ አማካይ ከ155 ወደ 143። አሥራ ሁለት! ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ለወንጌላዊት የጾም ኬክ ገዛሁላት፣ ለራሴም። ነገ ተጠባባቂዎቹ ይለካሉ። እነሱ ባሉበት ከቆዩ ተመረቅሁ ማለት ነው።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ተጠባባቂዎቹም ወርደዋል። ከ154 ወደ 146። አሥራ ሁለት ሲቀነስ ስምንት፣ አራት። አራት ደግሞ በእንደዚህ ያለ ጥናት ምንም ማለት ነው።

እትዬ እንኳየሁ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እግራቸውን መሬት ላይ አስተካከሉ፣ አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ አቀማመጥ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ እሳቸውን ግን አላስተማርኳቸውም።

«ማን አስተማረዎት?» አልኩ።

«ምነው፣ የኔታ ናቸዋ! በሚካኤል ማኅበራችን። የግንቦቱ ተራ እኔ ቤት ነበር። ጸበል ጸዲቁ ሳይቀርብ ሁላችንንም ዝም አሰኝተው አስተማሩን። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ነው። እንቅልፍ አገኘሁ እኮ ሲስተር! ከስንት ዘመኔ!»

መዝገቡን አየሁ። ከተጠባባቂዎቼ ሰባቱ የዚያ ማኅበር ማኅበርተኞች ናቸው። የእትዬ እንኳየሁ ግፊት ሃያ ሁለት ወርዷል። አንዲት ሴት ከስንት ዓመት በኋላ እንቅልፍ አገኘሁ እያለችኝ እኔ ምን አልኩ? «አበላሻችሁብኝ!» አልኩ። ጮክ ብዬ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ አየሁት። ነጠላቸውን ሰብስበው «ይቅርታ ልጄ፣ አላወቅሁም» ብለው ወጡ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ቆሙ።

«የኔታ፣ ለማንም እንዳያስተምሩ ነግሬዎት ነበር» አልኩ።

«ነግረሽኛል፤ አልረሳሁም።»

«ታዲያ ለምን?»

«በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ ነው የተባልነው። እንኳየሁ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ሌሊት እንዴት ልግፋው ስትል፣ እኔ መድኃኒቱን በደረቴ ይዤ ዳቧን ልብላ? በዚያች ማኅበር ጽዋውን የምንጠጣው ከአንድ ዋንጫ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በድዬሻለሁ። ስምንት ሳምንት ደክመሽበታል። ይቅር በይኝ። ደግሞ ቢመጣ ግን ያንኑ አደርገዋለሁ፤ እንዳልዋሽሽ።»

ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት፤ አቃተኝ። እሳቸው ግን አዩኝ። «አንቺስ ስንት ነሽ?» አሉኝ፣ ለስንተኛ ጊዜ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አልገባኝም። ሰዓት ረፍዶብኛል ብዬ ተነሣሁ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ሰውአገኝ፣ ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባልኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ ጉዳዩን ሰምቶ አልደነገጠም። «ሰባቱን አውጫቸው። ክትትል አቋረጡ ብለሽ ጻፊ። ማን ያውቃል?» አለኝ። አንድ ቁልፍ ነካ። ልዩነቱ ከአራት ወደ ዘጠኝ ወጣ። ዘጠኝ ያስመርቃል፣ ይታተማል። ሰውአገኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያዘነልኝ መስሎት ነው። እኔም እንቢ አላልኩም። «እስኪ ይቆይ» አልኩ። ስለዚህ የሱን ክፋት ለማውራት አፍ የለኝም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ጠዋት ማንም ሳይመጣ የክትትል ክፍሉን ከፍቼ ገባሁ። «ክትትል ያቋረጡ፦ 7» ብዬ ጻፍኩ። ከሰባቱ አንደኛዋ እንኳየሁ ናቸው። አንድም ቀን አላቋረጡም። ጃናሞራ ለለቅሶ ሄደው እንኳ ለልኬቱ ቀን ተመልሰዋል። ጆሮዬ ጭው አለ። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ነበር።

መለኪያውን ክንዴ ላይ አሰርኩ።

172 በ 108።

አምስት ደቂቃ ዐርፎ እንደገና መለካት ነው ደንቡ፤ ለሰው ሁሉ የማዘው እኔ ነኝ። ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። 170። እንደገና አምስት ደቂቃ። 168 በ 104።

ትራሱ አይደለም። መነጽሩም አይደለም። ከጥር ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እዚህ እንኳ ሳልጽፈው አውቀው ነበር። የፈራሁት ቁጥሩን ካየሁት እንደ አባቴ እሆናለሁ ብዬ ነው። አባቴን ግን የጣለው ያልታየው ቁጥር ነው። የስንቱን ሰው ክንድ ይዤ «አይፍሩ» አልኩ?

ሰባቱን ሰዎች ወደ መዝገቡ መለስኳቸው። ከዚያ ወረፋ ይዤ ካርድ አወጣሁ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ለማን ነው ሲስተር?» አለችኝ። ለኔ አልኳት። ዶክተሩ ሁለት ዓይነት ኪኒን አዘዘልኝ። የመጀመሪያዎቹን እዚያው በቆምኩበት ዋጥኳቸው።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ገበያ ሄጄ እትዬ እንኳየሁን ይቅርታ ጠየቅሁ። በርበሬያቸው ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የራሴንም ግፊት ጭምር። «ውይ ልጄ! አንቺው ታመሽ ነው እኛን ስትጠብቂ የከረምሽ?» ብለው የሚቀመጡበትን ዱካ ለቀቁልኝ። ከዚያ፣ በርበሬ እየሰፈሩ፣ እንዲህ አሉ። «ጥፋቱ እኮ እኛን ከመሃል ስትከፍይን ነው። አንዱን ማኅበር እንዳለ አስተምሪ፤ ሌላውን ማኅበር እንዳለ አቆዪ። ያን ጊዜ ማን ለማን ያወራል?»

ለዶክተር ህሩይ ደውዬ ጥፋቱንም፣ ልደብቀው አስቤ እንደነበረም፣ እትዬ እንኳየሁ ያሉትንም ነገርኩት። «ሴትየዋ ስንተኛ ክፍል ናት አልሽኝ?» አለ። «እኔ ራሴ ማኅበርተኛ ሆኜ እንዴት አልታየኝም? ጎንደር ላይ ሰውን ከማኅበሩ ለይቼ ዕጣ አስወጣሁ! ጥፋቱ የሁለታችን ነው። እንዳለ ጻፊው።»

ምናለ መጣ። ድንቹ ግማሹ በቅሏል። ግፊቴን ነገርኩት። እጄን ይዞ ተቀመጠ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ዲፌንስ። ጥናቴን ፈታኞች ፊት አቀረብኩ። ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ «ታዲያ ልምምዱ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አለ።

«በዚህ ጥናት ማወቅ አልቻልኩም» አልኩ። «የተማሩት ወርደዋል። ያልተማሩትም ተምረው ወርደዋል።» አዳራሹ ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስለ ማኅበሩ አስረዳሁ፣ በሚቀጥለው ጥናት ዕጣው በማኅበር በማኅበር እንዲወጣ ያቀረብኩትን አሳየሁ። ፈታኙ ብዙ ጻፈ። አለፍኩ። የላቀ አይደለም፣ እርማትም አለበት፤ ግን ውስጡ አንድም የሐሰት ቁጥር የለም። አሥራ ሁለት ማኅበር የሚጠናበትን አዲስ ዕቅድ እንዳዘጋጅ ዶክተር ህሩይ አዝዞኛል። የመጀመሪያ ተመዝጋቢ የራሱ ማኅበር ነው።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

የተጠባባቂዎቹ ተራ ደረሰ። እኔ ካርድ ይዤ ከበሽተኞቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ እትዬ እንኳየሁ አጠገብ። እንዲመሩን የኔታን ለምኜ ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በቅዳሴ ድምፅ «ለትንፋሽ ተቀመጡ!» አሉ።

አንድ ትንፋሽ ተከተልኩ። ሁለተኛው ላይ ስለ ድንቹ አሰብኩ። ተመለስኩ። ስለ አባቴ አሰብኩ፤ እዚያ ቆየሁ፣ አልተቆጣሁም፣ ተመለስኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሃያ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አልቆጠርኩም።

ሲያበቃ የኔታ መለኪያውን ራሳቸው አቀበሉኝ። «አንቺስ ስንት ነሽ?»

«146 በ 92፣ የኔታ።»

ኪኒኑ ነው፣ ልምምዱ ነው፣ ወይስ ከዲፌንስ መገላገሌ? ተመራማሪዋ አታውቅም። በሽተኛዋ ደስ ብሏታል።

ልምምድ፦ ተደርጓል።

ያው ቀን፣ ማታ ላይ። ወንጌላዊት ከዝናብ ገባች፣ ጫማዋ ጭቃ ነው፣ ምንጣፉ መሃል ደርሳ ትዝ ሲላት ደንግጣ ቆመች። አንድ ትንፋሽ ሳብኩ። «ነይ፣ ቀስ ብለሽ አውልቂው» አልኳት።

ጫማዋን ሳትነካ ትክ ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ መጣ» አለች። «ያ ድምፅሽ።»